ግድግዳው ሁለቴ ሲንኳኳ

ግድግዳው ሁለቴ ተንኳኳ፤ እናትየዋ ወዲያው ትራሷን ከጀርባዋ መዝዛ አፏ ላይ ደፈነችው። ልጅቷ በሁለት እጇ የታቀፈችውን የታጠበ አንሶላ ይዛ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ገና "እንደምን አደርሽ" እንኳን አልተባባሉም። የእናትየዋ ትከሻ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የአንገቷ ሥር ተገትሯል፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ከትራሱ ሥር ግን ከታፈነ ጉርጉርታ በቀር የሚወጣ ድምፅ የለም። ልጅቷ ትን ያላት መስሏት አንሶላውን ወለሉ ላይ ጥላ ጀርባዋን ልትመታላት ስትንደረደር፣ እናትየዋ አንድ እጇን አንስታ አወናጨፈችባት፤ ተይ፣ ዝም በይ ማለቷ ነው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠቆመች። ከግድግዳው ማዶ የወንድ ድምፅ ይሰማል፤ ረጋ ያለ፣ የተማረ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ የሚያስቀምጥ ድምፅ። "ንጹሕ አየር የቅንጦት ዕቃ አይደለም" ይላል ድምፁ። "ንጹሕ አየር መብት ነው።"

ግድግዳው እንደገና ተንኳኳ፤ አሁን አንዴ ብቻ። እናትየዋ ትራሱን ወዲያ ወረወረችና ያጠራቀመችውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለቀቀችው። ሳሉ ከሆዷ ሥር እየተነሳ እጥፍ አደረጋት፤ የአልጋው ብረት አብሯት ተንቀጠቀጠ። ልጅቷ ደግፋ ውሃ አጠጣቻት፣ ላቧን በሻርፗ ጫፍ ጠረገችላት። ትንሽ ጋብ ሲልላት፣ "ምንድን ነው እሱ?" ብላ ጠየቀቻት።

"የቱ?"

"ማንኳኳቱ ነዋ እማዬ!"

"እ፣ ወንድምሽ ነው" አለች እናትየዋ፣ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደሚናገር ሰው በቀላሉ። "ሁለቴ ሲያንኳኳ ንግግር ሊጀምር ነው። አንዴ ሲያንኳኳ ጨርሷል፤ ያን ጊዜ እንደ ልቤ እስላለሁ። ተስማምተን ነው እኮ። ባሕር ማዶ ያሉ ትልልቅ ሰዎች ናቸው የሚሰሙት። በመሃሉ የአሮጊት ሳል ሲገባበት ምን ይሉታል?" ይህን ብላ ፈገግ አለች፤ ፈገግታዋ ውስጥ ኩራት ነበረበት፣ እሷም የሥራው ተካፋይ የሆነች ይመስል።

ልጅቷ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ተኳሽ ናት። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ካውያ ስትገፋ፣ በእንፋሎት ስትቀቀል ትውልና እዚህ የምትመጣው እሑድ እሑድ ብቻ ነው። የዛሬው አመጣጧ ድንገተኛ ነበር። የላውንደሪው የእንፋሎት ማሽን ጠዋት ተበላሽቶ ባለቤቱ ሠራተኞቹን በሙሉ "ነገ ኑ" ብሎ ስለ መለሳቸው፣ ትናንት የተኮሰችውን የእናቷን አንሶላ ይዛ ብቅ አለች። ወንድሟን የሰፈሩ ሰው "ፕሮፌሰር" ይለዋል፤ ግማሹ ከልቡ፣ ግማሹ ለሽሙጥ። የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የለም፤ መድረኩ ኢንተርኔት ነው። ሶላር ይሻላል ወይስ የንፋስ ኃይል፣ ኢንተርኔት የጥቂት ኩባንያዎች ርስት ይሁን ወይስ እንደ አውራ መንገድ ለሁሉም ክፍት ይሁን፣ ማሽን የጻፈው ጽሑፍ ይታመናል ወይስ አይታመንም፤ ሲከራከር ይውላል፣ ሲከራከር ያመሻል። የሚከተለው ሰው ብዛት የአንድ መለስተኛ ከተማ ሕዝብ ያህላል። እውነት ለመናገር እህቱ ትኮራበት ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኳን ካውያው አጠገብ አቁማ ለጓደኞቿ ታሳያቸዋለች። "ታናሽ ወንድሜ ነው" ትላለች። "ድምፁ እንዴት ጥርት ይላል!" ይሏታል። ጥርት ይላል፤ እንዴት ጥርት አይል! ከኋላው አንዲት ሴትዮ ትራስ ነክሳለት ነው የጠራው። ይህን ስታስብ ፊቷ በእሳት የተለበለበ ያህል ጋለ።

ሳሉ ከጀመራት ወራት ሆኖታል። ሐኪሙ ደረቷን አዳምጦ፣ ራጅ አስነስቶ፣ "ከጭስ አርቋት፤ ካላራቃችኋት ሳንባዋ አይመለስም፣ እኔም የምሰጣት ነገር የለኝም" ብሎ ነበር። ጭስ ከየት ይመጣል? ምድጃው የኤሌክትሪክ ነው፣ ሲጋራ የሚያጨስ የለም። ቤተሰቡ ተሰብስቦ መከረ፤ ቤተሰቡ ሲባል እህትና ወንድም ነው። ያን ዕለት ፕሮፌሰሩ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "እታለም፣ እንዳይከፋሽ እንጂ ልብስሽ የላውንደሪውን ኬሚካል ሳይዝ አይቀርም። አንቺ መጥተሽ በሄድሽ ማግስት ነው የሚብስባት፤ ልብ ብዬ አይቻለሁ" አላት። አመነችው። የተማረ ሰው እንዴት አይታመን? ከዚያ ወዲህ እሑድ ስትመጣ ኮቷን ደረጃው ላይ አውልቃ ትሰቅላለች፣ እጇን እስከ ክርኗ ትታጠባለች፣ አልጋው ላይ አትቀመጥም፤ በሩ አጠገብ ካለችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ሆና ከሩቅ ታወራለች። ስትሰናበትም እናቷን አትስማትም። እናትየዋ "ምነው ራቅሽኝ?" ብላ አልጠየቀችም፤ ልጅቷም ምክንያቱን አልነገረቻትም። እንዲህ እየተዋደዱ ተራርቀው ከረሙ።

አሁን ግን ርቀቱን ረስታ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። አዲሱን አንሶላ ልታነጥፍላት አሮጌውን ስትገፈው ሽታው አፍንጫዋን መታት። ወደ ፊቷ አስጠግታ አሸተተችው። የላብ ሽታ አይደለም፣ የመድኃኒትም፣ የላውንደሪም አይደለም። ናፍጣ ነው። ክፍሉን ዞር ብላ አየችው። የመስኮቱ ክፍተት ሁሉ በአሮጌ ጨርቅ ተጠቅጥቋል። የመስኮቱ ደፍ ላይ የተደረደሩት የሽሮፕ ጠርሙሶች ጥቁር አቧራ ለብሰዋል፤ በጣቷ ስትነካው ቅባት አለው። ምን እንደሆነ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት አምፖሉ ድርግም አለ። መብራት ሄደ። እናትየዋ "እንግዲህ መጣ" አለችና ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ጠመጠመች። ከመስኮቱ ሥር አንድ ነገር አንኮራፋ፣ ተንፈራገጠ፣ ከዚያም እየጮኸ ተነሳ። መስታወቱ በፍሬሙ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ልጅቷ ወደ ታች ስታይ፣ ከአራቱም ወገን በግድግዳ በታጠረች እንደ ጉድጓድ ያለች ጠባብ ጓሮ ውስጥ፣ ሲሚንቶ ላይ የተቀመጠ ጄኔሬተር ጭሱን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ይልከዋል። ሌላ መሄጃ የለውም። የሚወጣው በእናቷ መስኮት ፊት ነው።

"የዳቦ ቤቱ ነው" አለች እናትየዋ በሻርፑ ውስጥ። "እሑድ ስለማይጋግሩ አላጋጠመሽም እንጂ መብራት በሄደ ቁጥር ይኸው ነው። ሰኞማ ይብሳል፤ የእሑዱን ለማካካስ ከሌሊት ጀምረው ነው የሚያስነሱት።"

መጥታ በሄደች ማግስት! ልጅቷ አንሶላውን እንደጨበጠች ቆማ ቀረች። ስንት እሑድ ኮቷን ደረጃ ላይ ሰቀለች? ስንት እሑድ ራሷን እንደ በሽታ ቆጥራ የገዛ እናቷን ሳትስም ሄደች? ንዴቱ ከእግሯ ተነስቶ ወደ ጭንቅላቷ ወጣ፤ በማን ላይ እንደምታወጣው ግን ገና አላወቀችም። በዳቦ ጋጋሪው ላይ ነው ብላ ደረጃውን እየዘለለች ወረደች።

ዳቦ ቤቱ ምድር ቤቱን በሙሉ ይዞታል። ባለቤቱ ወፍራም፣ ቅንድቡ ሳይቀር ዱቄት የለበሰ፣ ለሰው ሁሉ "የኔ እመቤት" የሚል ሰው ነው። የሊጥ ማቡኪያው ማሽን እየዞረ፣ ምድጃው እየጋለ፣ ሠራተኞቹ ትሪ እየተቀባበሉ ነበር። ልጅቷ ሰላምታውን ሳትቀበል ጀመረች፤ እናቷ ልትሞት እንደሆነ፣ ሰው ሰው ላይ እንዲህ እንደማያደርግ፣ ጎረቤት ማለት እሱ ከሆነ ጅብ እንደሚሻል አንድ ሳታስቀር ነገረችው። ሰውዬው ዱቄቱን ከእጁ እያራገፈ እስክትጨርስ ጠበቃት። ሠራተኞቹ ዳቦውን ትተው ያዩዋቸዋል።

"ጨረስሽ የኔ እመቤት?" አለ በመጨረሻ። "እንግዲህ አሁን እኔ ልናገር። ጄኔሬተሩ ከፊት ለፊት ነበር የቆመው፣ በመንገዱ በኩል። ሜዳ ላይ ነው፣ ነፋሱ ጭሱን ይዞት ይሄዳል፤ ማንንም አይነካም። ወንድምሽ ወረደና 'ጋሼ፣ ድምፁ ማይኬ ውስጥ እየገባ አስቸገረኝ፤ ወደ ጓሮ ውሰድልኝ' አለኝ። 'ጓሮውማ የእናትህ መስኮት ነው' አልኩት። 'እሷ ጆሮዋ ደክሟል፣ አትሰማውም' አለኝ።"

"ጭሱስ?"

"ስለ ጭስ አልተነሳም።" ሰውዬው ትንሽ አፈረ። "እኔም አላነሳሁም፤ ጥፋት የለብኝም አልልሽም። ሲሚንቶ አፈሰስኩ፣ አወረድኩት። ከዚያ ደግሞ 'ለእኔም መስመር ቀጥልልኝ፤ መብራት ሲሄድ ክርክሬ ይቋረጣል' አለኝ፤ ጎረቤት ነው ብዬ በነጻ ቀጠልኩለት። አሁንም የሚያወራው በዚያ ነው።" ጣራው ሥር ወደ ላይ የምትወጣ ቢጫ ሽቦ አሳያት። "ነገ ወደ ፊት ልመልሰው እችላለሁ። ዛሬ ሊጥ ገብቷል፣ ማሽኑም ግሏል። ግን ወንድምሽን አስማሚልኝ። እኔ መልሼ፣ እሱ ደግሞ 'ውሰድልኝ' ብሎ ቢመጣ፣ ከጎረቤት ጋር ስካሰስ አልኖርም።"

ደረጃውን ስትወጣ እንደ ወረደችው አልዘለለችም። አንድ አንድ ደረጃ እየረገጠች፣ ግድግዳውን እየተደገፈች ወጣች። ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ክፍል የእናቷ እንደነበር አስታወሰች። ሁለት መስኮት ያለው፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት፣ አላፊ አግዳሚውን እያዩ የሚውሉበት ክፍል ነው። "የመንገዱ ጫጫታ እንቅልፍ ይነሳሻል፤ ከኋላ ብትሆኚ ታርፊያለሽ" ብሎ አልጋዋን ወደ ጓሮ ያዞረው እሱ ነው። ያን ጊዜም እህትየው "እንዴት ያስብላታል!" ብላ አድንቃው ነበር። አልጋውን የተሸከመችው ራሷ ናት፤ እሱ ከኋላ "ቀስ፣ ወደ ግራ" ይል ነበር። መጀመሪያ ክፍሏን ወሰደ፣ ቀጥሎ ከራሱ መስኮት ሥር የነበረውን ጭስ ወደ እሷ ላከ፣ በመጨረሻ ሳሏን ሳይቀር በማንኳኳት ቀማት። ይህን ሁሉ ያደረገው ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ "እማዬ፣ እማዬ" እያለ ነው። የቅርብ ጠበል ልጥ ይራስበታል የሚባለው ይኼኔ ነው።

ወጥ ቤት ውስጥ ሻይ ሲቀዳ አገኘችው። ሸሚዙ ነጭ፣ የተተኮሰ፣ አንገቱ ቀጥ ያለ ነው፤ የተኮሰችለትም እሷ ናት። ከወገቡ በታች ግን የመኝታ ሱሪ ለብሷል፤ ካሜራው እስከዚያ አያሳይም። እናታቸው እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የተነጋገሩት፤ እንዲያ በሹክሹክታ መጣላት ከጩኸት ይከፋል። ከባለ ዳቦ ቤቱ የሰማችውን ነገረችው። አልካደም። ሻይውን እያማሰለ፣ ነገሩን እንደ ጠባብ ነገር እንዳትመለከተው፣ እሱ የሚታገለው ጄኔሬተር የሚባለው ነገር ከነጭራሹ እንዲጠፋ እንደሆነ፣ ዛሬ ከሰዓት ትልቁ ክርክር እንዳለና አንድ የውጭ ድርጅት ቋሚ ተናጋሪ ሊመርጥበት እንደሚችል አስረዳት። ከተመረጠ ጣራው ላይ ሶላር ያስተክላል። ያን ጊዜ ጭስ የለ፣ ጩኸት የለ። ሲናገር ዓይኑ ያበራል፤ ያምንበታል። ያ ነው ይበልጥ ያበሸቃት። ሌባ ቢሆን ሌባ ብላ ትገላገለው ነበር።

"ነገ ጠዋት ሰውዬው ሲጠይቅህ 'እሺ፣ መልሰው' በለው" አለችው። "ሌላ ምንም አልፈልግም።"

"ነገማ የመልስ ክርክር አለኝ። ሳምንቱ ይለፍና እናየዋለን። እሷ ራሷ እኮ ተስማምታለች፤ ጠይቂያት።" ሻይውን ፉት አለ። "ደግሞ እታለም፣ በስሜት አንነጋገር። ሳሉ በጭሱ ነው ለማለት ማስረጃሽ ምንድን ነው?"

ልጅቷ አየችው። ይህን ፊት ሕፃን ሆኖ ንፍጡን ጠርጋለታለች፣ ትምህርት ቤት በእጁ ይዛው ሄዳለች፤ እሱ እንዲማር ብላ እሷ ከስምንተኛ ክፍል ቀርታ ካውያ ጨብጣለች። "በልብስሽ ኬሚካል ነው ስትለኝ ማስረጃ አምጣ አልኩህ?" አለችው። እሱ የሻይ ብርጭቆውን ተመለከተ። "ለሺህ እናቶች ነው እኮ የምከራከረው" አለ ቀስ ብሎ፣ እንደ ተበደለ ሰው። "ሺዎቹ እናቶች ልጆች አሏቸው" አለችው። ሊመልስላት ሲያስብ ከክፍሉ ስልኩ ጠራ፤ ብርጭቆውን ይዞ፣ ሻይው እንዳይፈስበት በጥንቃቄ እየተራመደ ሄደ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ማለት እንዲህ ያለውን ሰው መናገር ነው።

ቀኑን ሙሉ መብራት አልመጣም። ጄኔሬተሩም አላረፈም። ልጅቷ የእናቷን አንሶላ አነጠፈች፣ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ ጠረገች፣ መስኮቱን ብትከፍት ጭስ፣ ብትዘጋ ሙቀት ሆኖባት ስትከፍትና ስትዘጋ ዋለች። እናትየዋ በመሃል በመሃል ዓይኗን ገለጥ እያደረገች፣ "አትናደጂ፤ የወንድ ልጅ ነገር ነው፣ አልታየው ብሎ ነው" ትላታለች። ስለ ኮቱ፣ ስለ ፕላስቲክ ወንበሩ ልትነግራት ፈለገች፤ ከየት እንደምትጀምር ጠፋት። በምትኩ አልጋው ጫፍ ላይ ተጠግታ ተቀመጠችና የእናቷን እግር ጭኗ ላይ አድርጋ ማሸት ጀመረች። እግሩ ቀጥኗል። እናትየዋ ይህን መቀራረብ እንደ ስጦታ ተቀበለችው፤ ትንፋሿ ግን ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ከናፍሯ ዳር ዳሩ ሰማያዊ መስሏል። ነገ እስኪነጋ፣ ሳምንቱ እስኪያልፍ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ይህ ደረት ይጠብቃል ወይ? ሐኪሙ የተናገረው ቃል በጆሮዋ ይመላለሳል።

ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ሁለቴ ተንኳኳ።

የእናትየዋ እጅ ራሷ ሳታዘው ወደ ትራሱ ሄደ። ልጅቷ ቀድማ ያዘችው። "ስጪኝ" አለች እናትየዋ፤ ሳሉ ደረቷ ውስጥ ተነስቶ እየመጣ ነው፣ ዓይኗ ተንከራተተ። "ስጪኝ ልጄ፣ ጀመረ እኮ!" ልጅቷ አልሰጥ ስትላት ብርድ ልብሱን ሰብስባ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችው። ከግድግዳው ማዶ ክርክሩ ደምቋል። አንድ ጎርናና ድምፅ፣ "ወንድሜ፣ እውነቱን እንነጋገርና፣ ናፍጣ ባይኖር አንተና እኔ አሁን እንነጋገር ነበር? መብራት እኮ እናንተ ጋ ከጠዋት ጀምሮ የለም ሲባል ሰምቻለሁ" ይላል። ሳቅ ተሰማ። ከዚያ ያ ጥርት ያለው ድምፅ፣ ምንም ሳይደናገጥ መለሰ፦ "እኔ የምናገረውን የምኖር ሰው ነኝ። በእኔ ቤት ጭስ የሚባል ነገር አይገባም።"

ልጅቷ ተነሳች። ብርድ ልብሱን ከእናቷ አፍ ቀስ አድርጋ አወጣችው፣ አንድ እጇን በብብቷ ሥር፣ ሌላውን በወገቧ አዞረችና ከአልጋው አነሳቻት። "ተነሺ እማዬ።" "የት ልትወስጂኝ ነው?" "ወደ ክፍልሽ።" እናትየዋ ለመከላከል ሞከረች፤ "ተይ፣ በፈጣሪ፣ እንጀራውን እንዳትዘጊበት" እያለች የበሩን መቃን ያዘች። ክብደት የላትም፤ ልጅቷ በየቀኑ የምትሸከመው የመጋረጃ ክምር ከእሷ ይከብዳል። ጣቶቿን ከመቃኑ አንድ በአንድ አላቀቀቻቸውና በኮሪደሩ ወሰደቻት። የፕሮፌሰሩን በር በትከሻዋ ገፋ አድርጋ ገባች።

ነፋስ ተቀበላቸው። ሁለቱም መስኮት ተከፍቷል፣ መጋረጃው ይወዛወዛል፣ ከመንገዱ የእግረኛ ወሬና የብስክሌት ደወል ለስለስ ብሎ ይገባል። ከጓሮ የሚመጣው ጩኸት እዚህ አይሰማም። ጠረጴዛው ላይ ስፖንጅ የለበሰ ማይክ፣ ማይኩ መከፈቱን የምታሳይ ቀይ መብራት፣ በስክሪኑ ላይ አራት ፊቶች አሉ። ወንድምየው ሳይዞር፣ ከካሜራው እይታ ውጭ ባለው እጁ "ውጡ፣ ውጡ" የሚል ምልክት ሰጠ። ልጅቷ እናቷን አልፋ ወስዳ አልጋው ላይ፣ መስኮቱ ሥር አስቀመጠቻት። ያን ጊዜ ዞር አለ።

እናትየዋ ቀይዋን መብራት አየች። ማንም አላንኳኳላትም፤ ማንም ዝም በይ አላላትም። የሻርፗን ጫፍ በሁለት እጇ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ከተተችው፣ መዳፏን ደርባ ተጫነችው፣ ጎንበስ ብላም ጉልበቷ መሃል ተደበቀች። ጀርባዋ ይንዘፈዘፋል። ቀና ስትል ፊቷ ጠቁሯል፣ እንባዋ በጣቶቿ መሃል ይወርዳል፣ ዓይኖቿ ግን ልጇን እያዩ "ቀጥል፣ ቀጥል" ይሉታል። ወንድምየው አፉ ተከፍቶ ቀረ። ይህን ነገር አይቶት አያውቅም። እሱ የሚያውቀው የሚያንኳኳበትን ግድግዳ ብቻ ነው። ከስክሪኑ ጎርናናው ድምፅ "ሃሎ? ይሰማል? መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?" ይላል።

"ንገራት" አለችው እህቱ። "እኔ ብላት እሺ አትልም። አንተ ንገራት። ሳዪ በላት።"

እጁን ዘረጋ። ልጅቷ ለአንድ አፍታ ወደ እናቱ የዘረጋው መስሏት ነበር። እጁ ወደ ማይኩ ሄደ። ቁልፉን ተጫነ፣ ቀይዋ መብራት ጠፋች፣ መጥፋቷን ጎንበስ ብሎ አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ነው ከወንበሩ ተነስቶ ወደ እናቱ ዞሮ፣ "እማዬ፣ በቃ፣ አሁን ሳዪ" ያላት።

እናትየዋ ሻርፑን አወጣችና ሳለች። የዚያን ያህል ስትስል ልጅቷ ሰምታት አታውቅም። መንገድ ላይ የሚሄዱ ሰዎች ቀና ብለው መስኮቱን አዩ። ልጅቷ ግንባሯን ይዛ፣ ጀርባዋን እየደገፈች፣ እስኪወጣላት ድረስ ጠበቀች። ቀስ በቀስ ትንፋሿ ተመለሰ፤ ከመስኮቱ የሚገባውን አየር አፏን ከፍታ፣ እንደተጠማ ሰው ሳበችው። መናገር ስትችል መጀመሪያ የጠየቀችው ልጇን ነው።

"ተሰማብህ እንዴ ልጄ?"

"አልተሰማም እማዬ" አላት። "በጊዜ ዘጋሁት።" እፎይታው በድምፁ ውስጥ ነበር፤ ልጅቷ እፎይታውን ሰማችው።

ልጅቷ የእናቷን ራስ ቀስ አድርጋ ትራሱ ላይ አሳረፈችው፣ እግሯን አልጋው ላይ አነሳችላት፣ የወንድሟን ብርድ ልብስ እስከ አገጯ ጎትታ አለበሰቻትና ግንባሯን ሳመቻት። ከዚያ ወንድሟ የተነሳበትን የሚሽከረከር የቢሮ ወንበር በሁለት እጇ አነሳች። "እታለም፣ ምን እያደረግሽ ነው? ሰው እየጠበቀኝ ነው!" አላት። ወንበሩን ተሸክማ በኮሪደሩ ወደ ኋላ ሄደች። ጓሮውን በሚያየው መስኮት ሥር አስቀመጠችው፣ ጨርቆቹን ከክፍተቱ ነቃቅላ ጣለች፣ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ጭሱ እየተግተለተለ ገባ። ተመልሳ ስትመጣ ወንድምየው የተቆጣ ልጅ መስሎ ወንበር በሌለው ጠረጴዛው ፊት ቆሟል፣ ስክሪኑ ላይ አራት ሰዎች "ሃሎ? ሃሎ?" ይላሉ። የማይኩን ሽቦ ነቀለችና ማይኩን እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"ወንበርህ እዚያ ነው" አለችው። "ሂድና ተከራከር።"